ቀዩን ወይን ማን አመጣው

ፂያላ ሙሽራ ሆና ወደ ጉሪያ አውራጃ በገባችበት ዓመት፣ ጎረቤታቸው ካራማን ከገደሉ ሥር ካለው ጫካ አንድ የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአማቷ ለላቭረንቲ አመጣ።

«የእኔ ግቢ ፀሐይ የለውም፤ አንተ ጋ ይብሰል» አለው።

ከግቢው ትልቅ ዛፍ ሥር ሲተክሉት አፈሩን በእጇ ያለበሰችው እሷ ነበረች። ሐረጉ ዛፉ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ፤ ወንዶቹ በየመከሩ ጫፉ ድረስ እየወጡ የሚለቅሙት ጥቁር ቀይ ፍሬ አፈራ።

ላቭረንቲ ከሞተ በኋላ ልጇ ቢቺኮ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ከፈተ። ጠርሙሱ ላይም «አያቴ ላቭረንቲ ከጫካ ያገኘው ወይን» ብሎ አስጻፈ። ደስ ብሎት ሲያሳያት «ያምራል» አለችው፤ ስለ ካራማን ግን አልነገረችውም። ከዚያ ወዲህ ካራማን በአጥር በኩል ሰላም ሲላት ዐይኗን ወደ ዶሮዎቿ ትመልስ ነበር። ባለፈው ክረምት እሱም ሞተ።

በጸደይ መሬት ውስጥ የተቀበረው የወይን ጠጅ ጋን ሲከፈት ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። የካራማን ሚስት አግራፒና ጥቁር ለብሳ ከፂያላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ማዕዱን የሚመራው ቢቺኮ ለሙታን ጽዋ አነሣ፤ እንደ ደንቡም ቁራሽ ዳቦ ላይ ወይን ጠብ አደረገ።

«ይህን ወይን ለሰጠን ለአያቴ ለላቭረንቲ!»

አግራፒና የያዘችውን የበቆሎ ቂጣ ትፈረፍር ጀመር።

«እማዬ፣ ተራው የአንቺ ነው» አለ ቢቺኮ። «ጋኑ እንኳ አፉን ከፈተ፣ አንቺስ?»

ሰው ሳቀ። ፂያላ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች።

«ወይኑን ያመጣው ካራማን ነው» አለች። «አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ አውቅ ነበር።»

ቢቺኮ ጽዋውን አስቀመጠ።

«እማዬ! እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

ፂያላ ዳቦ ቆርሳ ወይን አንጠባጠበችበትና «ካራማን፣ ነፍስህን ይማር» ብላ ለአግራፒና ዘረጋችላት።

አግራፒና ዳቦውን ተቀበለች፤ ግን አልቀመሰችውም።

«እስኪሞት ጠብቆሻል» አለቻት። «ስናደድብሽ እንኳ ‹ተዪአት፣ ዐይነ አፋር ናት፤ አንድ ቀን ትናገራለች› ይለኝ ነበር። ተናገርሽ፤ እሱ ግን የለም።»

ፂያላ እንደ ቆመች ቀረች። ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።