ከሞት አንቆጥርም

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መነጽር ይለዋል። መነጽር አድርጎ አይደለም፤ መነጽር ስለሚሠራ ነው። በአንድ ጠባብ የመነጽር ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ኋላ ባለች ክፍል ተቀምጦ፣ ሐኪም ያዘዘውን መስታወት እየቆረጠ በፍሬሙ ልክ ሲሞርድ ዕድሜው አልፏል። ከደንበኛ ጋር የሚስቀውም የሚከራከረውም ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባለሱቁ ነው። ጋሽ መነጽር የሚያውቀው የመሞረጃውን ድምፅ፣ ጣቱ ላይ የሚቀረውን ነጭ ዱቄትና ከመጋረጃው ሥር የሚታየውን የሰው ጫማ ነበር። ከሱ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው ይላሉ የሚያውቁት።

ሚስቱ የሴት ልጆች መድረሳ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ አስተማሪ ነበረች። ትልቅ ትንሹ ኡስታዛ ይላታል። እሱም መጀመሪያ ለቀልድ ብሎ እንደዚያ ጠራት፤ ውሎ አድሮ ሌላ ስም የሌላት እስኪመስል ድረስ ለመደበት። ጎረቤት የሚጠይቀው እሷ፣ ለቅሶ ቤት ሄዳ የምታጽናናው እሷ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ። ጋሽ መነጽር ከዓለም ጋር የሚነጋገረው በሷ አፍ ነበር ማለት ይቻላል።

በየዓመቱ የዙልሒጃ ወር ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ መጥለቂያዋ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ቤታቸው ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ጣሪያ ይወጣሉ። የእስልምናው ዓመት የሚገባው በሙሐረም ጨረቃ ነውና፣ ጨረቃዋን ማየት የኡስታዛ ደስታ ነበር። ሁልጊዜም ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች።

«ያቻትና፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ» ትለዋለች።

እሱ ዓይኑን ያጠባል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ምንም የለም። «አየኋት» ይላል።

«አላየሃትም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ፤ የሰው ዓይን ስታበራ የራስህን ረሳኸው።»

ጨረቃዋ እስክትጠልቅ ድረስ ለተማሪዎቿ የምትነግረውን ታሪክ እዚያው ትለማመደዋለች፤ ዓመቱ ለምን ከነቢዩ ስደት እንደተቆጠረ፣ ማን ምን አሳብ እንዳቀረበ። እሱ የጣሪያውን ግንብ ተደግፎ ይሰማታል። ወይም የሚሰማት ይመስለው ነበር።

ኡስታዛ ታመመች ሲባል ሞተች። ሆዷን ያዛት፣ ሆስፒታል ገባች፣ ሳምንት ሳትሞላ አረፈች። አንድ ልጃቸው፣ ሌላ ከተማ ያገባችው ሴት ልጃቸው፣ መጥታ ሐዘኑን ከሱ ጋር ተቀመጠችና ልጆቿና ሥራዋ ጠሯት። «አባዬ፣ ተነስ አብረን እንሂድ» ብላ ለመነችው። «ቤቱንስ ለማን ጥዬ?» አላት። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጣሪያ ነው፤ የሚሰረቅም ነገር የለው። ግን ሌላ መልስ አልመጣለትም።

ከዚያ በኋላ ጸጥታው መጣ። ሩዝ ሲቀቅል ለሁለት ሰው ይሰፍራል። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያወጣና አንዱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሬዲዮ መክፈት ትቷል፤ የሷ ድምፅ የነበረበትን ቦታ ሌላ ድምፅ እንዳይይዝበት የሚሳሳ ይመስል ነበር። አንዳንድ ቀን ከሱቅ ወጥቶ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያድራል፤ ጠዋት ባለሱቁን «እንደምን አደርክ» ሲለው ድምፁ ይጎረንናል።

ሌላም ልማድ አወጣ። ጊዜን ሁሉ ከሷ ሞት ጀምሮ መቁጠር ያዘ። የመሞረጃው ድንጋይ መቼ ተቀየረ? «እሷ በሞተች በሁለተኛው ወር።» የጎረቤት ልጅ መቼ አገባች? «እሷ ልትሞት ትንሽ ሲቀራት።» ባለሱቁ አንድ ቀን እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ የራስህን ካላንደር አወጣህ» አለው። ጋሽ መነጽር አልሳቀም። ባለሱቁም ደግሞ አልቀለደበትም።

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ የመድረሳዋ ኃላፊ ወደ ሱቁ መጣች። የተሰበረ ክንድ ያለው መነጽሯን ከሰጠች በኋላ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች።

«ጋሼ፣ የአዲስ ዓመቱን ታሪክ ሁልጊዜ የምትነግርልን ኡስታዛ ነበረች፤ አላህ ይዘንላት። ዘንድሮ እርስዎ መጥተው ቢነግሩልን ብለን ነው።»

«እኔ? እኔ እኮ መስታወት ቆራጭ ነኝ።»

«ሌላ አስተማሪ አጥተን አይደለም። ልጆቹ ሐዘኑ አልወጣላቸውም። ለእርስዎ ስትነግርዎት የነበረውን ብቻ ይንገሯቸው።»

እምቢ ሊላት አፉን ከፈተ። የኃላፊዋ ዓይን ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ የወጣው ቃል «እሺ» ሆነ።

ለወጉ የተቆረጠው ቀን የዙልሒጃ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነበር፤ ጨረቃዋ ከታየች ማታውኑ አዲስ ዓመት ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ልጃገረዶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ወንበር ሰጡት። ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለው ወንበር የሷ እንደነበር ማንም አልነገረውም፤ ትራሱን አይቶ አወቀ። የሰፋችው እሷ ናት።

ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«ከነቢዩ በኋላ ሕዝቡን በመራው በሁለተኛው ኸሊፋ ዘመን ነው አሉ። አንድ ወረቀት መጣ፤ ቀኑ ሻዕባን ይላል። የትኛው ሻዕባን? ያለፈው? ያለንበት? የሚመጣው? ወሩ ስም አለው፣ ዓመቱ ግን ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሰዎቹ ተሰብስበው ተማከሩ። ከየት ጀምረን እንቁጠር ተባባሉ።»

ልጆቹ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ አሉ። ትንሽ ተደፋፈረ።

«አንዱ ነቢዩ ከተወለዱበት አለ። አንዱ ከተላኩበት አለ። በነዚህ ግን ዓመቱ የቱ ነው በሚለው ሰዎች አይስማሙም። ሌላው ደግሞ ካረፉበት እንቁጠር አለ። ሰዎቹ ግን ይህን አልተቀበሉትም። ለምን ቢባል፣ ከሞት አንቆጥርም፤ በተጠራ ቁጥር ሐዘኑን ያድሳል ብለው...»

እዚህ ላይ ቆመ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ጣሪያ ላይ ሰምቶታል፤ ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ አዲስ ሆነበት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዱቄት የሌለበትን ጣቱን አሻሸ። ልጆቹ ጠበቁት።

«ከስደቱ ይሁን ተባባሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ከመካ ወደ መዲና ከሄዱበት። ስደት በዐረብኛ ሂጅራ ነው፤ ዓመቱ ሂጅሪ የተባለው ለዚህ ነው።»

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ዓይኗን ጭምድድ አድርጋ ነው የምታየው።

«ስደቱ የሆነው በሙሐረም አይደለም አይደል? መዲና የደረሱት በሦስተኛው ወር፣ በረቢዕ አል-አወል ነው ተብለናል። ታዲያ ዓመቱ ለምን በሙሐረም ይጀምራል?»

ጋሽ መነጽር ይህንንም ሰምቷል። ኡስታዛ በየዓመቱ ትመልሰዋለች፤ ስትመልስ እጇን እንዴት እንደምታወዛውዝ፣ ሻሿን ወደ ኋላ እንዴት እንደምትመልስ ሁሉ ታየው። ቃሉ ግን የለም። ድምጿን እንጂ ነገሩን ሳይዝ ኖሯል።

«ቆይ» አላት። «ቤት ስገባ ጠይቄያት እነግርሻለሁ።»

የተናገረው ለራሱ የተሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ኃላፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንዷ ልጅ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ያቺ የጠየቀችው ልጅ ግን ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣ በትሕትና፣ «እሺ» አለችው።

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ሱቆቹ መንገድ ዳር ያወጡትን ዕቃ ያስገባሉ፤ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ወደሚጠብቀው ሰው የሚቸኩል መሰለው። ቤት ደርሶ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ወጣ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ደመና ለብሶ ነበር። ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ቀድማ የምታይለት ሰው ከሌለች ደመና ቢኖርስ ባይኖርስ ብሎ አሰበ፤ ግን እስኪጨልም አልወረደም። ከመስጊዱ ጨረቃ አልታየችም፣ ወሩ ሠላሳ ይሞላል ተባለ።

ወርዶ መብራቱን ሲያበራ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ እንኳን አደረሰህ።»

«እዚህ ገና ነው። ጨረቃዋ አልታየችም።»

«እኛ ጋ ታይታለች ተብሏል።»

«እንግዲያው አንቺ አዲሱ ዓመት ውስጥ ነሽ፤ እኔ አሮጌው ውስጥ ቀርቻለሁ» አላት። ቀልድ ሊያደርገው ነበር የፈለገው፤ አልሆነለትም።

ከዚያ የቀኑን ነገር ነገራት፤ ጠይቄያት እነግርሻለሁ ማለቱንም ሳይደብቅ። ልጁ ስታለቅስ ሰማ። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «እማዬ እንዲህ ነበር የምትለው» አለችው። «'መዲና የደረሱትማ በረቢዕ ነው። ግን ሰው ከቤቱ የሚወጣው እግሩ ሲወጣ ብቻ ነው እንዴ? በሐጅ ጊዜ የመዲና ሰዎች ነቢዩን እንቀበላለን ብለው ቃል ኪዳን አሰሩ፤ ስደቱ ከታሰበ በኋላ የመጀመሪያዋ ጨረቃ የሙሐረም ነበረች።' ደግሞ፣ 'ይኼ የአንዳንድ ሊቃውንት አባባል ነው፤ ሌሎቹ ሰው ከሐጅ የሚመለስበት ወር ስለሆነ ነው ይላሉ፤ አንዱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትከራከሩ' ትል ነበር።»

ጋሽ መነጽር ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። የልጁ ድምፅ እናቷን እየመሰለ ነበር፤ «እንዴ» ስትል ድምጿን ወደ ላይ የምትሰቅለው ነገር።

«እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። በዚህኛው ጊዜ ነገሩንም ያዘ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወደ መድረሳው ሄዶ ልጅቱን አስጠራት። በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ጭምድድ አድርጋ አየችው።

«ስለ ሙሐረም የጠየቅሽኝን አምጥቻለሁ» አለና ነገራት፤ የአንዳንዶቹንም የሌሎቹንም።

«ማንን ጠይቀው ነው?»

«ልጄን። እሷ ከእናቷ ሰምታ።»

ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች። «እኔ አባቴ ለሥራ ውጭ አገር ከሄደበት ነው የምቆጥረው» አለችው፤ እንዲሁ፣ ሳይጠይቃት። «ይመጣል ግን።»

የሚያውቀውን አንድ ነገር ጠየቃት። «ከኋላ ስትቀመጪ ሰሌዳው ይታይሻል?»

«ነጭ ነጩ ይታየኛል።»

ከቤት ሰው ጋር ወደ ሱቁ እንድትመጣ ነገራት። በሳምንቱ ከአያቷ ጋር መጣች። ባለሱቁ ዓይኗን ለካ፤ ጋሽ መነጽር ከመጋረጃው ኋላ መስታወቷን ቆርጦ፣ ጠርዙን ደጋግሞ አለሰለሰላት። አድርጋው ከሱቁ ስትወጣ መንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ ጮክ ብላ ለአያቷ አነበበችላት። እሱ መጋረጃውን ገልጦ አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የራሱ ልጅ መጣች። የእናቷን ልብስ አብረው አወጡ። እስካሁን ሣጥኑን የከፈተው ሰው አልነበረም። አንዳንዱን ለድሃ፣ አንዳንዱን ለጎረቤት አሉ፤ ልጁ አንድ ሰማያዊ ሻሽ ለራሷ ያዘች። ሲጨርሱ እንደገና፣ «አባዬ፣ እንሂድ» አለችው።

«መጥቼ ልያችሁና ልመለስ» አላት። «ልጆችሽን እፈልጋቸዋለሁ። ግን መኖሪያዬ እዚሁ ነው።»

አልተከራከረችውም። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። በመስኮቱ በኩል እጁን ይዛ፣ «በየማታው እደውላለሁ፤ እንዳትሰለቸኝ» አለችው።

«ምን የምናወራው አለ ብለሽ?»

«አንተ ካጣህ እኔ አወራለሁ።»

አውቶቡሱ ሄደ። በመንገዱ ላይ ዳቦ ገዛ፤ አንድ ብቻ። ቤት ገብቶ ግማሹን በላና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ልጁ ገና መንገድ ላይ ናት፤ እስክትደርስ ድረስ እንደማትደውል ያውቃል።