አባ ስራስር ሙያውን የቀየረበት ቀን

አላምንም። አሁንም አላምንም። ዛሬ ረፋድ እዚህ ውጭ አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ፌርማታ አውቶብስ እየጠበቅኩ፣ የጓደኛችን የቤት ተጋሪ ደውሎ ማረፉን ነገረኝ። አውቶብሱ መጥቶ ሲሄድ እንኳ ልብ አላልኩትም።

ከሁሉ በፊት ግን እባካችሁ፦ ስሙን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ። ፎቶውን ከሻማ ጋር እንዳትለጥፉ፣ ታግም እንዳታደርጉት። እናቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ገና አልተረዱም። ሽማግሌዎች ነገ በማለዳ ቤታቸው ሄደው መርዶውን ይነግሯቸዋል። የልጃቸውን ሞት ከፌስቡክ እንዳይሰሙት።

ስለዚህ እኔም ጌም ላይ በነበረው ስሙ እጠራዋለሁ። አባ ስራስር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦንላይን ገብተን የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነበርን። እሱ አስማተኛ ነው። እዚያ ጌም ላይ አስማተኛም ቢሆን አንድ የእጅ ሙያ መያዝ አለበት። «ልብስ ስፌት ያዝ» ብለን ጨቀጨቅነው። አስማተኛ የብረት ልብስ አይለብስም፤ ደህና ካባ ከሌለው በአንድ ምት ይወድቃል። እሱ ግን አሻፈረኝ ብሎ መድኃኒት ቅመማን መረጠ። ስሙም ከዚያ ወጣለት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ሲለቅምና ሥር ሲምስ ኖረ። ውጊያ መሃል አንዳችን ስንደክም ድምፁ ይመጣል፤ «ጠጡ እንጂ! ለኔ አታስቡ!» የቀመመውን ሁሉ አድሎን ራሱ ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህ ምክንያት ስንቴ እንደሞተ! እኛም ሁልጊዜ እንስቅበት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሙያውን ሰረዘው። ለማታውቁት፣ ሙያ ስትቀይሩ የተማራችሁት ሁሉ ይጠፋል።

«ኧረ ሰውዬ፣ አበድክ? ሁለት ዓመት የሠራኸውን ዲሊት አደረግከው?»

«ልብስ ሰፊ ልሆን ነው።»

«አሁን? መድኃኒቱን፣ ፖሽኑን ማን ሊሠራልን?»

ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነበር። ከዚያ፣ «ፖሽን ያልቃል ባክህ። ልብስ ይቆያል» አለኝ።

«ሳሉን ቼክ አስደርገው እንጂ» ስለው «ብርድ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። እኔም አመንኩት። ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ሐኪሞቹ ቁርጡን ከነገሩት ወራት አልፈዋል። እንደ ወጋችን በሽታውን ደብቆ ደህና ነኝ ሲል ከረመ።

ከዚያ በኋላ በየተራ ካባ ሰፋልን። የመጨረሻው ያለፈው እሑድ ለእኔ ደረሰኝ። ለራሱ የሰፋው የለም። «በቃ፣ ጨረስኩ» አለ። እኔ ሞኙ ስለ ስፌቱ የሚያወራ መስሎኝ «እጅህ ይባረክ» አልኩትና ጨዋታዬን ቀጠልኩ። ይህን ለራሴ ይቅር አልለውም።

አባ ስራስር፣ ተናድጄብሃለሁ። ብትነግረን ኖሮ ዌስተን፣ ቤትህ ድረስ ሮጠን አንመጣም ነበር? ካባ ማን ጠየቀህ?

ይህን የምጽፈው አንተ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። ስልክህ አልጋህ ላይ ነው። ሲጠራ ይህ ሦስተኛው ነው፤ «እማዬ» ይላል። እስከ ነገ ማንም እንዳያነሳው ተብለናል።

ደህና ሁን ወንድሜ። የሄድክበት አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ አሁንም እየጠሩህ ነው።