ውሃ የተከለከለው ቦሎቄ

ዩኒቨርሲቲያችን ከአዳማ ወጣ ብሎ የምርምር ማሳ አለው። ማሳ ስል ግን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የሚታየው ታፔላው ነው። ከታፔላው ጀርባ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ «ዘላቂ አትክልት» የተባሉ በአሮጌ ጎማ ውስጥ የተተከሉ አበቦች፣ ከዚያ ወዲያ የእኔ ሃያ መስመር ቦሎቄ።

ለማስተርሴ የያዝኩት ጥናት ቀላል ነበር። ቦሎቄው ከበቀለ በኋላ ውሃ እከለክለዋለሁ፤ የትኛው ዝርያ ጥሙን ችሎ እንደሚያፈራ እመዘግባለሁ። የክፍል ኃላፊያችን ግን ባለፈ ቁጥር፣ ምነው ጠወለጉብሽ፣ ውሃ አታጠጪም ወይ ይለኛል። ዶክትሬት አለው።

ነገሩ የገባቸው ዘበኛው ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቦሰት በኩል ዝናብ ብቻ የምትጠብቅ ቁራሽ መሬት አለቻቸው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ተቋርጦ የዘሩት ሁሉ መሬት ላይ ቀርቶባቸዋል። ጠዋት ጠዋት እኔን «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ይሉና ዞር ብለው ለቦሎቄውም ይደግሙለታል። ከዚያ በመስመሮቹ መሀል እየዞሩ የሞተውንና የቆመውን ይለያሉ። የተረፈውን ዝርያ በመጪው ክረምት ሊዘሩት ቆርጠው ነበር። ከአማካሪዬ ይልቅ ውጤቴን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

በመሀል ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች እንደገና ኖራ ተቀቡ። ዘበኛው ለቅሶ ሄደዋል፤ እኔም ናሙና ይዤ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስመለስ የውሃ ቦቴ ማሳዬን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጠጣ ሰንብቷል። ቦሎቄው ለምልሟል፤ የሁለት ወር ሥራዬ ገደል ገብቷል። ኃላፊዬ ዘንድ ሮጥኩ።

«ደርቆ እንዴት ለእንግዳ ይታያል?» አለኝ። ድርቅ መቋቋሙ ለሚጠናው ሰብል መሆኑ ነው። ደግሞ መመረቂያሽን አስቢ ሲል በዘዴ አከለልኝ።

በማግስቱ የመጡት እንግዶች ሶደሬ ምሳ ታዞላቸው ስለነበር ጥድፊያ ላይ ነበሩ። አንደኛው ብቻ ቆም ብሎ፣ እውነት ይህ ሁሉ ያለ ውሃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊዬ አየኝ። ጫማዬ ጭቃ ይዟል።

«አዎ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በዚያ ጠዋት ከለቅሶ የተመለሱት ዘበኛም ከሰዎቹ ኋላ ቆመው ከሁሉም አብልጠው ያጨበጭቡ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንግዶቹ እንደሄዱ ዘበኛው ባዶ ከረጢት ይዘው መጡ። ገና ያልደረሰ ቦሎቄ ነው፤ እሳቸው ግን ከረጢቱን ቀድመው አጥበውታል። ከየትኛው መስመር ዘር እንደምይዝላቸው ጠየቁኝ።

«አባባ፣ ውሃ ጠጥቷል» አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑና ጨበጥ አደረጉት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፤ ከረጢቱን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ። አልተቆጡኝም።

«ታዲያ ቅድም ለምን አዎ አልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።