ዶርቃ ያጠበችው እጅ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ከዶርቃ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው። ስትደበደብ እሰማለሁ። ባሏ ሌንጮ ወሰን ሰፈር ያለ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ በቡጢ በሬ ይጥላል ይሉታል። እኔ በሬ ሲጥል አላየሁም፣ ሲጥል ያየሁት እሷን ነው። አንዴማ መንጋጋዋን አወለቀው። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች መጥተው "ጸልዪለት፣ ታገሺው" ብለዋት ሄዱ። ምነው እነሱን አንዴ ባቀመሳቸው!

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ሌንጮ ጋራዥ ውስጥ ከአንድ ሹፌር ጋር ተጣላ። አፉን በቡጢ ሲለው የሹፌሩ ጥርስ ረገፈ፣ የሌንጮም ቀኝ እጅ ጥርሱ ላይ ተሰነጠቀ። ፖሊስ ይፈልገው ስለነበር ጤና ጣቢያ አልሄድም አለ። በማግስቱ እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

የዶርቃ እህት ማርቲ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ጀርም እንዳይራባ ሲያግድ ላብራቶሪ ውስጥ ማየቷን ነግራን ነበር። ሌንጮ ይቺን ይዞ "ሻዩን አፍልተሽ እጠቢኝ" አለ። ዶርቃ መጀመሪያ ቀን ልማድ ሆኖባት ስኳር ጨመረችበት። ቁስሉ ሲጣበቅ ማንቆርቆሪያውን ወረወረባት፣ ቅንድቧ ተተረተረ። ደሟን ጠርጋ ሌላ አፈላች። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ታጥበዋለች፣ እሱ ይሰድባታል።

ማርቲ መጥታ ቁስሉን ስታይ ጮኸች።

"እኔ ያየሁት እኮ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው! ይሄ አጥንቱ ጋ ገብቷል፣ ሻይ እዚያ አይደርስም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው!"

ሌንጮ ወንበር አንስቶ አሳደዳት።

ትኩሳቱ ሲያቃዠው ጊዜ እኔና ዶርቃ ደግፈን ታክሲ ውስጥ ከተትነው። ሐኪሙ መግል የቋጠረውን እጅ አገላብጦ አየና ወደ ዶርቃ ዞረ።

"ከፍተን እያጠብን እጁን ለማትረፍ መሞከር እንችላለን፤ ግን መርዙ ከቀደመን ይሞታል። ከቆረጥነው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱ ራሱን አያውቅም፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሌንጮ እየቃዠ በግራው ቀሚሷን ጨመደደ። "እንዳታስነኪኝ! ዶርቄ፣ በምን እሠራለሁ?" ሲለምናት ያን ቀን ገና መስማቴ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ አላሳዘነኝም።

"ቁረጡት" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን "ልታድኚው ብለሽ ነው፣ አይደል?" አልኳት።

"እሱም ይኑር" አለችኝ። "እኔም ልኑር።"