ውሃ የጠማው ድንጋይ

የልጄ የሰላም ባል ኦወን ከዌልስ ያመጣቸውን ወረቀቶች በስደት በምንኖርበት አገር፣ ቬሊንግቢ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የከሰሉ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ሰውዬው በየበጋው የአያቶቹን መቃብር ፍለጋ በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች ሲንከራተት፣ ወረቀት ድንጋዩ ላይ አንጥፎ በከሰል እያሸ ጽሑፉን ሲገለብጥ ይከርማል።

አባቴ ተክሌም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዞ ሰፈራችን ባለው ቤተ ክርስቲያን ከመቃብር መቃብር ያዞረኝ ነበር፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ውሃ ያፈስበትና በከሰል እያሸ «ድንጋይም ከጠማው አይናገርም» ይለኛል። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። አንደኛ ክፍል ገብቼ ስለ ጓደኛሽ ጻፊ ብባል «በተወለደች በሰባት ዓመቷ» ብዬ ብጀምር፣ ልጅቷ አልቅሳ ወንበር ቀየረች።

ታዲያ ኦወን ሦስት በጋ ለፍቶ ጆን ኢቫንስ ከሚባለው ቅድመ አያቱ ማለፍ አቃተው፤ የጆን አባት ጠፋበት። ዘንድሮ ካልተገኘ እተወዋለሁ ብሎ ወረቀቱን መጠቅለል ሲጀምር አንጀቴን በላው። ከሰበሰባቸው ድንጋዮች አንድም ኢቫንስ ያልሆነ የለም።

«ለምን ኢቫንስ ብቻ ትፈልጋለህ?» አልኩት። «የጆን አባት ስሙ ኢቫን ነዋ!»

እንደኛ በአባት ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ኢቫንስም የኢቫን ልጅ ማለት እንደሆነ አያቱ ነግረውት ኖሯል፤ ረስቶታል። ስልኩ ውስጥ ባለው ፎቶ ከጆን መቃብር አጠገብ ያለውን፣ የባዕድ ነው ብሎ ሦስት ዓመት የዘለለውን ድንጋይ አየን፤ «ኢቫን ቶማስ» ከሚለው በታች ያለው አይነበብም። እዚያው ለምትኖር እህቱ ደውሎ ውሃ እንድታፈስበት ለመናት። ከሰዓት በኋላ የላከችው ፎቶ «የጆን አባት» ይላል። ኦወን «እማማ!» ብሎ አቅፎ ሲያነሳኝ ጫማዬ ወለቀ፤ ሰላምን ሲያገባ ሰባት ቤት መቁጠር ያላስፈለገን ሰውዬ ይኸው በእኔ ምክንያት ቆጠረ።

ስምንት ዓመቷ የሆነችው ልጃቸው ሊያ የአባቷን ወገን እስከ ቶማስ በጣቷ ቆጠረችና «ሞርሞር፣ ያንቺስ?» አለችኝ፤ በተወለደችበት አገር ቋንቋ የእናቴ እናት ማለቷ ነው። አባቴ ተክሌ፣ አያቴ ወልዴ እያልኩ ነገርኳት። የተክሌ ድንጋይ የት ነው፣ ውሃ እንውሰድለት ስትል ግን የምመራት ቦታ የለም። መጨረሻ አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ቦታው ለሌላ ሟች ተሰጥቶ ድንጋዩ ተነቅሎ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ያነበበልኝ አባቴ ስሙ የትም ተጽፎ አይገኝም።

«ድንጋይ የለውም፤ አንቺ ቁጠሪው» አልኳት።

በመጀመሪያው ከእኔ ወደ አያቴ ወደ ወልዴ ዘለለች፤ አባቴን ረሳችው። በሁለተኛውም እንዲሁ። እኔና ኦወን ሳቃችንን አፍነን ጠበቅን፤ በሦስተኛው አልዘለለችውም።