አያቴ የጠጡለት ጽዋ

አያቴ ገበሬ ነበሩ። ከእርሻ በተረፋቸው ጊዜ ደግሞ ለዲማ ገዳም ሊቃውንት ብራና ይፍቁ ነበር። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ እየፋቁ ያሳሱታል። ሳይታረድ የሞተ ፍየል ቆዳ ከሆነ ግን ቢለምኗቸው፣ ቢያለቅሱላቸው አይነኩትም። «የማርያም ስም የሚጻፍበት ነው እኮ!» ይላሉ። ሰው ቢዋሻቸውም ቆዳውን በጣታቸው ዳብሰው ያውቁበታል። ቆዳ ነበር የሚያውቁት፣ ሰው ግን አያውቁም። ይህን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናቴ እኔን ወልዳ በአራስ ቤት ሞተች። ያሳደጉኝ አባቴና አያቴ ናቸው። ትንሽ ሳለሁ አያቴ ብራና ሊያደርሱ ሲሄዱ ትከሻቸው ላይ አድርገውኝ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ዳዊት እየደገሙ፣ በመሃል በእኔ እየቀለዱ። እንደሳቸው የምወደው ሰው አልነበረኝም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ወደ እኛ አገር ባንዳ መላክ ሲጀምር፣ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ የቤቱ እመቤት ሆንኩ።

አያቴ የማርያም ማኅበር ሙሴ ነበሩ፤ መሪው ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ በሃያ አንድ ቀን በየተራ ይደግሳሉ፣ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ የደገሰው ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይነካም። አያቴ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ተራው እኛ ዘንድ የደረሰ ጊዜ በረሃ ላለው አባቴ መልእክት ላኩበት። «ማርያም ቤትህ ስትገባ አንተ ጫካ ልትውል ነው? ና፣ ጸበል ቅመስ» ብለው።

«አባባ፣ ኧረ ይቅርብዎ! ያዩታል» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! ያለው ማኅበርተኛ ብቻ ነው። ከአንድ ጽዋ የጠጣ ሰው ይሸጠዋል?»

አባቴ ጎህ ሲቀድ ገባ። እግሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጓዳ አስቀምጬ አጠብኩት። «አድገሽ የለም እንዴ! እንግዲህ ባል ልፈልግልሽ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ጓዳ እየገቡ ሳሙት።

ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ ጎረቤታችን ተነሣ። ይህ ሰው የአያቴ መቀናጆ ነው፤ እሱ አንድ በሬ፣ እኛ አንድ በሬ አለን፣ ጠምደን አብረን እናርሳለን። «በሬዬን አሞታል፣ አይቼው ልምጣ» አለ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጠላ ቅጂልኝ አለኝ። ቀዳሁለት። እጄን በቆረጠው!

ጥቂት ቆይቶ ባንዶች ገቡ። ማንንም አልጠየቁም፣ ግራ ቀኝ አላዩም፣ በቀጥታ ወደ ጓዳ። አባቴን የኋሊት አስረው ወሰዱት። ደብረ ማርቆስ ላይ እንደሰቀሉት የሰማነው በሳምንቱ ነው። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

ቀጣዩ ተረኛ ማን መሰላችሁ? እሱው መቀናጆው። ባንዶቹ በመጡ ማግስት መጥቶ ጽዋውን ሲጠይቅ፣ አያቴ ስመው አስረከቡት። ያን ጊዜ አላወቅንም። ወር ሳይሞላ ግን ጣሊያኖቹ የመንደራችን ጭቃ ሹም አድርገው ሾሙት፤ ከባንዶቹም አንዱ ቁይ ገበያ ጠጥቶ፣ ማን እንደጠቆማቸው ለፈለፈው።

አያቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ብራና ሲፍቁ ዋሉ። ሃያ አንድ ቀን ሲደርስ «ጋቢዬን አምጪ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አይሂዱ አባባ። ከሄዱም አይጠጡለት። ከጠጡማ ታረቅሁ ማለትዎ ነው፣ የአባቴን ደም ማሩለት ማለት ነው!»

«ተነሺ» አሉኝ። ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ተከትያቸው ሄድኩ።

የመቀናጆው ቤት ጢም ብሏል፤ ሰው ሁሉ አያቴን ያያል። ከቄሱ ቀጥሎ የሚጠጣው ሙሴው ነውና፣ እሳቸው እምቢ ካሉ ማኅበሩ በዚያው ይፈርሳል። ያ ሰው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ «እመብርሃን፣ ፊቱ ላይ አስደፊልኝ» እያልኩ እለምናለሁ። ተቀበሉት። ተሳለሙት። ጠጡ። ለይምሰል መቅመስ እንኳ አይደለም፣ ደህና አድርገው ጠጡ። «ከዓመት ዓመት ያድርስህ» አሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ከኋላቸው ጮህኩ።

«እሱ አባቴን በላው፣ አንተ ጠጣህለት!»

አንተ አልኩት። እኛ አገር አያቱን አንተ የሚል ልጅ አልተፈጠረም። እኔ አልኩ፤ ከዚህ ወዲያም ስለ እሱ በአንቱታ አላወራም። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቆመ እንጂ አልመታኝም።

«ልጄን የጠራሁት ጽዋውን አምኜ ነው» አለ። «እኔ ካልጠጣሁ ጽዋው ውሸት ነበር ማለት ነው። ልጄን በውሸት አስበላሁት ብዬ እንዴት እኖራለሁ?»

«ታዲያ ሰውየውን ታረቅኸው?»

«አልታረቅሁም።»

«እንግዲያ ማርያምንም ዋሽተሃታል በለኛ!»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ቀድሞኝ ሄደ።

ማኅበሩ አልፈረሰም። ጣሊያን ወጥቶ፣ ከዚያም ብዙ ዘመን ቆይቶ አያቴ እስኪሞት ድረስ እህሉን አበሰልኩለት፣ ልብሱን አጠብኩለት፣ ሲታመም አስታመምኩት። አንቱታውን ግን አልመለስኩለትም። «አንተ፣ ምሳ ደርሷል!» ብዬ ስጠራው፣ ያ ሊቃውንት ብድግ የሚሉለት ሽማግሌ፣ ከልጅ ልጁ ፊት ብድግ ብሎ «አቤት» ይለኝ ነበር።