ሰው ፊት የማይመሰገን ልጅ

እናታችን ልጅ አታመሰግንም ነበር። ያመሰገኑትን ልጅ ዓይን ይበላዋል ባይ ናት። ጎረቤት ስለ ታላቅ ወንድሜ ቁመናው እንዴት ያምራል ካለች፣ እናቴ ቶሎ ብላ «ኧረ ተይኝ፣ ለሥራ የማይሆን ቀርፋፋ» ትላለች። እሱ እኮ የላምበረት ቤታችንን ጣራ ብቻውን ያደሰ፣ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳልን ልጅ ነው። አንድ ቀን አጥሩን ሠርቶ ሲጨርስ ጠርቶ አሳያት። ዞር ዞር ብላ አየችና ይሄኛው እንጨት ዘሟል ብላው ገባች። ፊቱ ጥቁር ሲል አይቼ ተናደድኩባት። አንዴ «ጎበዝ» ማለት ምን ይከብዳል?

ከዚያ ደርግ ብሔራዊ ውትድርና የሚለውን አመጣ። የቀበሌ ሰዎች ጎረምሳ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛም በር ላይ ደረሱ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና እንደ ልማዷ ጀመረች፤ ልጄ በሽተኛ ነው፣ ደረቱን ያመዋል፣ አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ አያነሳም አለቻቸው። ሰዎቹም አምነዋት ሊያልፉን ነበር።

ወንድሜ ከጓሮ ሆኖ ይሰማል። እሱ መች ለማዳን የተዋሸ መሰለው! ዕድሜ ልኩን ሲባል የኖረው ነው። ዘመድ ከባላገር የላከልን የበቆሎ ጆንያ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከጓሮ ወጣና ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነው፣ በሰዎቹ መሃል አልፎም ቤት አስገባው።

«ጎበዝ!» አለ አንደኛው።

ወንድሜ ፈገግ ሲል አየሁት። ምን ዓይነት ሞኝ ነው!

ዘማቾቹን የጫነው መኪና ሊነሳ ሲል እናቴ ሰውን በክርኗ እየገፋች ሄዳ የወንድሜን እጅ ያዘች። «አንተ እኮ የቤቴ ምሰሶ ነህ። እንዳንተ ያለ ልጅ ማን ወልዶ ያውቃል?» አለችው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት። «ምነው እማዬ፣ ቤት ሳለሁ በነገርሽኝ» አላት።

በዚያው ቀረ። እናቴ እስካሁን ራሷን ትረግማለች፤ ሰው ፊት አመስግኜው ዓይን በላብኝ፣ ያኔ ምላሴን በቆረጠው ትላለች። እኔ ደግሞ በሩን ዘግታ፣ ለብቻው፣ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረው ኖሮ ያን ጆንያ ባላነሳ ነበር እላለሁ፤ በልቤ ነው እንጂ እሷ ፊት እንዴት ብዬ።